ሃያ እጥፍ የሚያጎላው ይቅርብዎት

ጥያቄ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለገና ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ጋር አገር ቤት እገባለሁ። አባቴ የሚኖረው ሐዋሳ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ባዮሎጂ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ከወጣ ሰነባብቷል። አሁን ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ቀይ ቀበሮን ለተማሪዎቹ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲስል ኖረ እንጂ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ከጥምቀት በኋላ ሦስታችን ባሌ ወጥተን የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበትን ዲንሾን፣ የሳነቴን ከፍተኛ ሜዳና የሐረናን ጫካ ለማየት አስበናል። ከዚያ በኋላ የምገዛው ባይኖኩላር (ሩቁን የሚያቀርበው የሁለት ዓይን መነጽር) እርሱ ጋር ይቀራል፤ ሐይቁ ዳር ወፍ ያይበታል።

ባይኖኩላር ልገዛ ብነሳ ግራ ገባኝ። አንድ ሻጭ «ከ10 እስከ 30 እጥፍ እየለዋወጡ የሚያዩበት» የሚለውን በ89 ዶላር አቀረበልኝ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ሩቅ ለማየት እስከሆነ ድረስ ኃይሉ ትልቅ ይሁን» ብላ 20 በ50 የሚባለውን እንድገዛ መከረችኝ። ወንድሜ «አንድ ጥሩ ዕቃ ግዥና ተቀባበሉ» ይላል። አባቴ መነጽር ያደርጋል፤ የቡና ሲኒ ሲይዝ እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ልጄ «ስልኬ ያጎላል አይደል፤ ለምን ትገዣለሽ?» ይለኛል። የመደብኩት 400 ዶላር ነው። ምን ይመክሩኛል?

ሰ. ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

ውድ ሰ.፣

በመጀመሪያ ያቺን 89 ዶላር ከቦርሳዎ አያውጧት። ከ10 እስከ 30 እየተለዋወጠ ያጎላል የሚባለው ዕቃ በማስታወቂያው ላይ በአንድ ዋጋ ሦስት ባይኖኩላር የተገዛ ያስመስላል፤ በእጅ ሲያዝ ግን አንዱንም በቅጡ አይሆንም። ለብርጭቆው ጥራት መዋል የነበረበት ገንዘብ ሌንሶቹን ወዲያና ወዲህ ለሚያንቀሳቅሰው መዘውር ይውላል። የግራውና የቀኙ ቱቦ እኩል ማጉላት ሲገባቸው ጥቂት ከተዛነፉ፣ ዓይን ያንን ለማቃናት ሲታገል ይደክማል፤ ብዙም ሳይቆይ ራስ ምታት ይከተላል። በትንሹ ኃይል ሲያዩበት የሚታየው ስፋት ጠባብ ነው፤ በትልቁ ሲያዩበት ይጨልማል። ወፍ በማሳየት የሚተዳደር አስጎብኚ አንገት ላይ ይህን ዓይነት ዕቃ አያዩም። የፊት ሌንሱ እንደ ቀይ ዕንቁ የሚያብረቀርቀውንም አብረው ይተዉት፤ ቀዩ ልባስ ለዓይን ያማረ ይመስላል እንጂ የሚታየውን ነገር ቀለም ያበላሻል። ስለ ሁለቱ ከዚህ በላይ ቀለም አላባክንም።

የባልደረባዎ ምክር ግን ከቅን ልብ የመጣ ነውና በወጉ መመለስ አለበት። ባይኖኩላር ላይ ሁለት ቁጥሮች ይጻፋሉ፤ ለምሳሌ 8 በ42። የፊተኛው ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ ይናገራል፤ የኋለኛው የፊት ሌንሱ ስንት ሚሊሜትር ስፋት እንዳለው። ገበያው የሚጮኸው በፊተኛው ነው። እስቲ ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ከመኪናችሁ 300 ሜትር ርቆ ቆሞ አገኛችሁት እንበል። በ8 እጥፍ ሲታይ በባዶ ዓይን 37 ሜትር ተኩል ላይ እንዳለ ያህል ነው። በ10 እጥፍ 30 ሜትር ላይ፣ በ20 እጥፍ ደግሞ 15 ሜትር ላይ። በወረቀት ላይ 20 ያሸንፋል። ወረቀት ግን አይንቀጠቀጥም።

ባይኖኩላሩ የሚያጎላው ቀበሮውን ብቻ አይደለም። የእጅን መንቀጥቀጥ፣ የትንፋሽን መውጣትና መግባት፣ ነፋሱን፣ ፀሐይ ሲበረታ ከመሬት የሚነሳውን የሙቀት መርገብገብ ሁሉ በዚያው ልክ ያጎላል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሳነቴ 4,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከዚያ ወደዚህ የወጣ ሰው፣ ወጣትም ቢሆን፣ ጥቂት ተራምዶ ሲቆም ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። በዚህ ላይ የአባትዎን እጅ ይጨምሩበት። በ20 እጥፍ የታየው ቀበሮ የሚወዛወዝ ቀይ ነጠብጣብ ይሆናል። በ8 እጥፍ ረጋ ተብሎ የታየው ግን ከፍልፈሉ ጉድጓድ ፊት ጆሮውን ቀስሮ፣ አንገቱን ወደ መሬት ዘርግቶ፣ አንድ እግሩን ከመሬት ሳያሳርፍ ሲጠብቅ ይታያል። አባትዎ የሳሉትን ሥዕል ከእውነተኛው ጋር የሚያስተያዩት በዚህኛው ነው።

ሃያ እጥፍ ፋይዳ የለውም አላልኩም። ቦታው ሦስት እግር ባለው መቆሚያ ላይ ነው። አስጎብኚዎች በትከሻቸው ተሸክመውት የሚዞሩት ባለአንድ ዓይን ቴሌስኮፕ እስከ 60 እጥፍ ቢያጎላም ምስሉ የማይንቀጠቀጠው መሬት ላይ ስለቆመ ነው። አቢያታ ሐይቅ ላይ ከዳር በጣም የራቀ የፍላሚንጎ መንጋ ሲኖር፣ ወይም ባሌ ላይ በሩቅ ገደል ላይ ያረፈ ንስር የትኛው ዝርያ እንደሆነ ለመለየት ሲፈለግ ይጠቅማል። አስጎብኚያችሁ ካለው ታዩበታላችሁ፤ ከሌለው ብዙ አይቀርባችሁም።

ሐረና ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነገር ይጠይቃል። ከሳነቴ ወደ ደቡብ ቁልቁል ሲወርዱ ሜዳው ያልቅና መንገዱ ጫካ ውስጥ ይገባል፤ ዛፉ በዛፍ ሽበት ተሸፍኗል፣ ከሥሩ በጠራራ ፀሐይም ጥላ ነው። እዚያ ወፎቹ ቅርብ ናቸው፤ ችግሩ ማግኘቱ ነው። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቢጫ ግንባር ያለው በቀቀን ከላይ ጮኾ ቅጠል ውስጥ ይሰወራል። በእኛና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚኖረው ግንደ ቆርቁር ግንዱን ዞሮ በወዲያኛው በኩል ብቅ ይላል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው የእይታ ስፋት ነው። ደህና የተሠራ 8 በ42 በ1,000 ሜትር ርቀት ላይ 130 ሜትር ያህል ስፋት ያሳያል። ከ20 ሜትር ላይ ያለ ዛፍ ሲመለከቱበት ሁለት ሜትር ከስድሳ የሚሆን ክብ ማለት ነው፤ ቅርንጫፉ ከነወፉ ይገባል። የ20 እጥፉ ከአንድ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ቁራጭ ነው የሚያሳየው። በዚያ ቁራጭ ወፏን ሲፈልጉ፣ ቅጠሉን አንድ በአንድ ቆጥረው ሳይጨርሱ ወፏ ሄዳለች።

ብርሃንም አለ። ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው ያካፍሉት፤ የሚወጣው ከባይኖኩላሩ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። 42 ሲካፈል ለ8፣ አምስት ሚሊሜትር ከሩብ። 50 ሲካፈል ለ20፣ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል። በጠራራ ሜዳ ላይ የዓይን ብሌን ራሱ ስለሚጠብብ ልዩነቱ አይታወቅም። ጎሕ ሲቀድ፣ ሲመሻሽና ሐረና ጥላ ውስጥ ግን ባለሁለት ተኩሉ ግራጫ ነገር ነው የሚያሳይዎት። ደግሞ ሻጭ ይህንን ሰምቶ ወደ ሌላው ጫፍ እንዳይወስድዎት፤ መርከበኞች የሚወዱት 7 በ50 የሚባለው ከሰባት ሚሊሜትር የሚበልጥ ክብ ይሰጣል፤ በአባትዎ ዕድሜ ያለ ሰው የዓይን ብሌን ግን በጨለማም ቢሆን ያን ያህል አይከፈትም። የተረፈው ብርሃን የትም አይገባም፤ የተረፈው ክብደት ግን አንገት ላይ ይንጠለጠላል።

ስለዚህ ለአባትዎ 8 በ42 ይግዙ። 10 በ42 የሚመርጡ ብዙ ጎበዝ ወፍ ተመልካቾች አሉ፤ እጃቸው የረጋ፣ ሜዳና ሐይቅ የሚያዘወትሩ ከሆኑ አልከራከራቸውም። ለጋሼ ግን (አባትዎን እንዲህ ልጥራቸውና) ከ300 ሜትር ላይ ሰባት ሜትር ተኩል ለማትረፍ ብዬ መንቀጥቀጡን አልጨምርባቸውም።

መንቀጥቀጡ ሲኒ ከማንኳኳት ያለፈ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ምስሉን በባትሪ ኃይል የሚያረጉ ባይኖኩላሮች አሉ፤ ካኖን የሚሠራው 10 በ30 ከእነርሱ አንዱ ነው። ቁልፉን ሲጫኑት የሚርገበገበው ምስል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ላላየው ሰው ያስገርማል። ሦስት ነገር ግን ይወቁ፦ ዋጋው ከበጀትዎ ያልፋል፤ ውኃ እንዳይገባው ተደርጎ የተሠራ አይደለም፤ መነጽር ለሚያደርግ ሰውም ዓይን ከሌንሱ እንዲርቅ የሚፈቅደው 14 ሚሊሜትር ተኩል ብቻ ነው። ባትሪው ተራ ቢሆንም በብርድ ቶሎ ይደክማል። እጃቸው ብዙ የሚያስቸግራቸው ከሆነ ይህንን ሁሉ ችሎ መግዛት ያዋጣል። ትንሽ ብቻ ከሆነ ክርናቸውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ወይም የመኪናውን መስኮት ተመርኩዘው 8 እጥፉን ቢይዙ ይበቃቸዋል። ሳነቴን አቋርጦ የሚሄደው መንገድ ቀበሮው ከሚያድንበት ሜዳ መሀል ስለሚያልፍ አብዛኛውን ጊዜ ከመኪና ሳይወርዱ ማየት ይቻላል።

አሁን መነጽሩ። ይህንን ሳያጣሩ ምንም እንዳይገዙ። ለአባትዎ ዛሬውኑ ደውለው አንድ ነገር ይጠይቋቸው፤ መነጽሩ ለሩቅ ነው ወይስ ለማንበብ? ለማንበብ ብቻ ከሆነ ችግር የለም፤ አውልቀው ያዩበታል። ለሩቅ ከሆነ ባይኖኩላሩን ከመነጽራቸው ጋር ሊጠቀሙበት ይገባል፤ አለዚያ ወፏን በባዶ ዓይን አግኝተው፣ መነጽር አውልቀው፣ ባይኖኩላር አንስተው እስኪያነጣጥሩ ድረስ ትዕይንቱ ያበቃል። በሳጥኑ ላይ «አይ ሪሊፍ» ተብሎ የሚጻፍ ቁጥር አለ፤ ዓይን ከኋላው ሌንስ ስንት ሚሊሜትር ርቆ ሙሉውን ምስል ማየት እንደሚችል የሚናገር ነው። ለመነጽር ለባሽ ከ16 በታች የሆነውን አይቀበሉ፤ ከዚያ ካነሰ ዳር ዳሩ ተቆርጦ በቱቦ ውስጥ እንደማየት ይሆንባቸዋል። በዓይን በኩል ያሉት ጎማዎች ተጠምዝዘው ወደ ውስጥ የሚገቡ ይሁኑ፤ መነጽር የሚያደርግ ያስገባቸዋል፣ የማያደርግ ያወጣቸዋል። መነጽራቸው ለሩቅም ለቅርብም የሚያገለግል ድርብ ከሆነ በላይኛው ክፍል እንዲያዩ ያሳስቧቸው።

ወደ ወንድምዎ ሐሳብ ልመለስ። አንድ ጥሩ ዕቃ ገዝቶ መቀባበል በሐይቅ ዳር ያስኬዳል፤ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ሰው ሳይሰለች ቆሞ ይጠብቃል። ባሌ ላይ ግን እንዲህ ይሆናል፦ አስጎብኚው «ያውና!» ይላል። አባትዎ ያዩና ለእርስዎ ያቀብላሉ። የእርስዎ ሁለት ዓይን ከእርሳቸው ይልቅ የተቀራረበ ስለሆነ ቱቦዎቹን ያቀራርባሉ፤ የቀኝ ዓይን ማስተካከያውን ያዞራሉ፤ የዓይን ጎማውን ያወጣሉ። ልጅዎ ጋ ሲደርስ ሣር ብቻ ነው የቀረው። ከዚያ ሦስታችሁም ተኮራርፋችሁ ትወርዳላችሁ። ሁለት ግዙ። አንዱ የአባትዎ ብቻ ይሁንና ማንም አይንካው፤ ሌላው የእርስዎና የልጅዎ። በ400 ዶላር ይህ ይቻላል።

ለአባትዎ ከሁለት አንዱን አስቡ፦ ኒኮን ሞናርክ ኤም5 8 በ42፣ ወይም ቮርቴክስ ዳይመንድባክ ኤችዲ 8 በ42። ሁለቱም ከ600 ግራም ጥቂት የሚበልጡ፣ ውኃ የማያስገቡ፣ እርጥበት ከውስጥ እንዳያደበዝዛቸው በጋዝ የተሞሉ ናቸው፤ ዋጋቸው እንደ ወቅቱ ቢለያይም አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛሉ። ኒኮኑ ለመነጽር 19 ሚሊሜትር ተኩል ይሰጣል፤ ነገር ግን የእይታ ስፋቱ በ1,000 ሜትር ላይ 112 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቮርቴክሱ 17 ሚሊሜትር ይሰጣል፤ ስፋቱ ግን 131 ሜትር ነው። የሩቅ መነጽር ካላቸው ኒኮኑን፣ ከሌላቸው ቮርቴክሱን እገዛ ነበር። ቮርቴክስ ዕቃው ቢሰበርም ዕድሜ ልክ የሚጠግን ዋስትና አለው፤ ሐዋሳ ላይ ለተሰበረ ዕቃ ግን ዋስትናው የሚሠራው ወደ አገር ቤት ተመላላሽ ዘመድ ሲገኝ ነው፤ ያ ዘመድ ደግሞ እርስዎ ነዎት።

ለእርስዎና ለልጅዎ ሴለስትሮን ኔቸር ዲኤክስ 8 በ32 ይበቃል። ወደ 500 ግራም ነው፤ ዋጋውም ለበጀትዎ አይከብድም። በአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አንገት ላይ ቀኑን ሙሉ የሚውል ነገር ከዚህ በላይ መክበድ የለበትም። ልጁን ይዘውት ሱቅ ይሂዱ፤ ሁለቱ ቱቦዎች በደንብ ተቀራርበው በሁለት ዓይኑ አንድ ክብ ብቻ ማየት አለበት። ሁለት ክብ ጎን ለጎን አየሁ ካለ ለፊቱ አልተጠበበለትም ማለት ነው፤ ሌላ ይሞክር።

ከ2,000 ዶላር በላይ የሚያወጡ የስዋሮቭስኪ፣ የሳይስና የላይካ ባይኖኩላሮች አሉ። ይገባቸዋል ወይ? ጎሕና ምሽት ላይ፣ ደግሞም በምስሉ ዳርቻ ጥራት፣ አዎ፣ ልዩነቱ ይታያል። ከ89 ዶላሩ ወደ 250 ዶላሩ ሲሄዱ የሚያገኙት ልዩነት ግን ከ250 ወደ 2,500 ሲሄዱ ከሚያገኙት በብዙ ይልቃል። የቀረውን ገንዘብ ለዲንሾ አስጎብኚ ቢከፍሉት የበለጠ ወፍ ያያሉ።

ሱቅ ውስጥ ሻጩ መደርደሪያውን ሲያሳይዎት ዕቃውን ይዘው ወደ በር ይውጡ። በመጀመሪያ ባይኖኩላሩን ከፊትዎ እጅዎን ዘርግተው ወደ ሰማይ አቅጣጫ ይያዙትና በዓይን በኩል ያሉትን ሁለት ብሩህ ነጥቦች ይመልከቱ። ድቡልቡል ከሆኑ ደህና፤ ጠርዛቸው ተቆርጦ አራት ማዕዘን ቢጤ ከሆኑ በውስጡ ያለው ፕሪዝም (ብርሃኑን የሚያጥፈው ብርጭቆ) ርካሽ ነውና ይመልሱት። ቀጥሎ ከመንገድ ማዶ ያለ ጣሪያ ወይም የመብራት ምሰሶ ከሰማይ ጋር በሚዋሰንበት በኩል ያነጣጥሩ፤ ጠርዙ ላይ ወፍራም ሐምራዊ መስመር ካዩ ብርጭቆው ደካማ ነው። ትንሽ ብቻ ካለ ይለፉት፤ በዚህ ዋጋ ትንሽ አይጠፋም። ከዚያ ጥላ ውስጥ ያለ ማስታወቂያ ያንብቡበት። መሀል ላይ ያለችው ተሽከርካሪ ማስተካከያ ሳትንገጫገጭ፣ በጓንትም ጭምር የምትዞር ትሁን፤ ጥር ላይ ሳነቴ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ወርዶ ስለሚያድር ጠዋት ያለ ጓንት አይያዝም። በመጨረሻ ዓይንዎን ጨፍነው ይክፈቱት፤ ሁለት ምስል መጥቶ ከቆየ በኋላ የሚገጥም ከሆነ ቱቦዎቹ ተዛንፈዋል።

በጊዜ ይግዙ። ከመሄድዎ ጥቂት ሳምንታት ቀድመው ከገዙ ያልተስማማውን መመለስ ይችላሉ፤ ሜሪላንድ ውስጥ በክረምት ከጓሮ የማይጠፋው ቀዩ ካርዲናል ለመለማመጃ የሚበቃ ወፍ ነው።

ሐዋሳ ሲደርሱ ዕቃውን ለአባትዎ በሳጥኑ ብቻ አይስጧቸው። አብረው ቁጭ ብለው ያስተካክሉላቸው። መጀመሪያ ቱቦዎቹን ከዓይናቸው ስፋት ጋር ያግጥሙ። ከዚያ ቀኝ ዓይናቸውን ጨፍነው በግራው አንድ ሩቅ ነገር፣ ጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል፣ በመሀለኛዋ ማስተካከያ ጥርት ያድርጉት። ቀጥሎ ግራውን ጨፍነው ያንኑ ጽሑፍ በቀኝ ዓይን፣ በቀኙ በኩል ባለው ቀለበት ብቻ፣ ጥርት ያድርጉት። ቀለበቱ የቆመበትን ቦታ በነጭ የጥፍር ቀለም ነጥብ ምልክት ያድርጉበት። ከዚህ በኋላ ቀለበቱን መንካት የለም፤ ለቅርቡም ለሩቁም የምትዞረው መሀለኛዋ ብቻ ናት። ይህችን ሁለት ደቂቃ ዘለው ለዓመታት ደብዛዛ ያዩ ሰዎች አሉ።

ቀጥሎ ልምምድ። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ አባ ኮዳዎቹ ከሰው ጋር ስለሚጋፉ ባይኖኩላር አያስፈልግም፤ እዚያ ዓሣ ብሉና ዘወር በሉ። ልምምዱን በሐይቁ ዳር መንገድ ላይ ያድርጉት። ነጭ ራስ ያለውን ዓሣ አጥማጅ ንስር ዛፍ ላይ ፈልጉ። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሯን ትንሿን ዓሣ አጥማጅ ወፍ ደግሞ አየር ላይ ቀጥ ብላ ስትርገበገብ ያዟት። ምስጢሩ ዓይንን ከወፏ ላይ አለማንሳት ነው። ወፏን እያዩ፣ አንገት ሳይዞር፣ ባይኖኩላሩ ወደ ዓይን ይመጣል። ጀማሪ ሁሉ ወደ ባይኖኩላሩ ጎንበስ ይልና ቀና ሲል ሰማይ ብቻ ያገኛል። ልጅዎ ከሁላችሁም ቀድሞ ይለምደዋል፤ ተዘጋጁ። ፀሐይን በባይኖኩላር ማየት ዓይን እንደሚያጠፋ ግን ቆንጠጥ አድርገው ይንገሩት።

የስልኩን ነገር ለራሱ ይመልሱለት። ስልክ ሲያጎላ አብዛኛው ምስሉን ቆርጦ መለጠጥ ስለሆነ ከ300 ሜትር ላይ ያለ ቀበሮ ቡናማ ጭቃ ይሆንበታል። ሆኖም የስልኩን ካሜራ በባይኖኩላሩ የኋላ ሌንስ ላይ ገጥሞ ቢያነሳ፣ እጁ ከረጋ፣ ለጓደኞቹ የሚያሳየው ነገር ያገኛል።

ባሌ ላይ ለአባትዎ አንድ የቤት ሥራ አለኝ። ከ500 ብዙም የማይበልጡት የዓለም ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት እዚያ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ከመሬት በታች ያለው ቀለብ ነው። ባሌ ብቻ የሚገኘው ግዙፉ ፍልፈል ከጉድጓዱ በግማሽ ሰውነቱ ብቅ ብሎ በዙሪያው ያለውን ሣር ግጦ ይመለሳል። አጠገቡ ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ትቆማለች፤ አፈሩ ሲገላበጥ የሚወጣውን ነፍሳት ትለቅማለች፣ እርሱም የእርሷን ድንጋጤ እያየ ይጠነቀቃል። ቀበሮው ሩቅ ሆኖ አስቸጋሪ ከሆነ አንዱን ጉድጓድ መርጠው ከመኪና ሳይወርዱ ባይኖኩላሩን አስደግፈው ይጠብቁ። ለባዮሎጂ መምህር ይህ ከቀበሮው አያንስም። ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘኑ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ሲግጥ ስለሚታይ ለእርሱ ብዙ አትድከሙ።

የባሌ መንገድ አቧራ ሌንስ ይፈጃል። በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ እጅጌ አይጥረጉት፤ አቧራው ራሱ ብርጭቆውን ይቧጥጠዋል። መጀመሪያ እፍ ብለው ወይም በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ፣ ከዚያ የመነጽር ማጽጃ ጨርቅ። በብርድ የቆየ ባይኖኩላር ሞቃት መኪና ወይም ክፍል ውስጥ ሲገባ ላብ ስለሚለብስ በቦርሳው እንደተዘጋ ትንሽ ያቆዩት።

ከመሳፈርዎ በፊት የሚያልቅ አንድ ጉዳይ አለ። ባይኖኩላር ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ፈቃድ ሊጠየቅበት ይችላል፤ ወፍ ለማየት የመጡ ጎብኚዎች ቦሌ ላይ ተይዞባቸው በመውጫቸው የተመለሰላቸው አሉ። እርስዎ ደግሞ ሁለት ይዘው ነው የሚገቡት፤ ከሁለቱ አንዱ ተመልሶ አይወጣም። ስለዚህ ቀደም ብለው በዋሽንግተን ያለውን ኤምባሲ ይጠይቁ፤ ባሌን የሚያዘጋጅላችሁ አስጎብኚ ድርጅትም ለጉምሩክ የሚቀርብ ደብዳቤ እንዲጽፍላችሁ ያድርጉ። የግዢ ደረሰኙን ይያዙ፤ ሲጠየቁ ሳይደብቁ ያሳውቁ። የአባትዎን በእጅ ሻንጣዎ፣ የልጅዎን በልጅዎ ቦርሳ ያድርጉት። ከቦሌ ሲወጡም በመኪና መስኮት ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ወይም ወደ ወታደር ሰፈር አቅጣጫ ልሞክረው እንዳይል ልጁን ያስጠንቅቁት፤ ሻሸመኔን እስክታልፉ ድረስ ከቦርሳው ባይወጣ ይሻላል።